ስለ ጥርስ ጽዳት ባለሙያ ሥራና የእንጀራ መንገድ

በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ በአራዳ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመን ነው። የቀኑን ሒሳብ ሳይዘጉ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ድዳቸው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲደማ «የዕድሜ ነገር ነው» እያሉ ዝም አሉት። ባለፈው ክረምት ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ያለ አንዳች ሕመም ተነቃንቀው ወለቁ። ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ አፋቸውን በመሐረብ ይሸፍኑ ጀመር፤ በዋጋ የሚከራከር ነጋዴ አፉን ሲሸፍን ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል።

በፒያሳ ያዩዋቸው የጥርስ ሐኪም ጥርሶቹ አልተበሉም አሏቸው። ከድዱ ሥር ተከማችቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረው እድፍ ድዱን እያስቆጣ፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት አመንምኖት ኖሯል። «በየጊዜው ቢጠረግ ኖሮ ባልወለቁ» አሏቸው። ጋሼም ወደ ቢሮ ተመልሰው «ይህን የሚጠርግ ባለሙያ ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ፍሬ ነው።

ባለሙያው በውጭ አገር «ዴንታል ሃይጂኒስት» ይባላል። የሙያው መሥራች በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ የነበሩት የጥርስ ሐኪም አልፍሬድ ፎንስ ናቸው። እሳቸው በ1906 እ.ኤ.አ. ረዳታቸውን አይሪን ኒውማንን ጥርስ መጥረግ አስተማሯት፤ በ1913 ደግሞ የሠረገላ ቤታቸውን ትምህርት ቤት አደረጉት። ከዚያ የተመረቁት ሴቶች በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች የሕፃናትን ጥርስ እንዲጠብቁ ተቀጠሩ። ኒውማንም በ1917 የመጀመሪያይቱ ባለፈቃድ ሆነች። ፎንስ «የጥርስ ነርስ» የሚለውን ስም አልወደዱትም፤ በሽታን ያስታውሳልና። ስለ ሸቀጥ ስም የምናስብ ሰዎች ይህን አስተዋይነት ሳናደንቅ አናልፍም።

ሥራው እንዲህ ነው። ባለሙያው የድዱን ጥልቀት ምልክት ባላት ቀጭን መሣሪያ ይለካል፤ የጠነከረውን እድፍ ፍቆ ያወጣል፤ ጥርሱን ያለሰልሳል፤ ፍሎራይድ ይቀባል፤ ከሁሉም በላይ አቦራረሽን ያስተምራል። ጥርስ መንቀል ግን የሐኪሙ ድርሻ ነው። መፋቂያችንም አይናቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. አጠቃቀሙን አበረታቷል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የጠነከረውን እድፍ ወይራም ብሩሽም አያነሣውም።

በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች የጥርስ መቡነንም በመጥረግ አይለቅም። ከጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ብዛት የተነሣ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ የበቀለ ነው፤ በመፋቅ ብቻ አነጣለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ።

በእኛ አገር ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ወይም ረዳቱ ይሠራዋል። በሌላ አገር ግን ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። በኔዘርላንድስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀጥታ ወደዚሁ ባለሙያ ይሄዳል። በትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ በፋብሪካ ሠራተኞችን የሚመረምር፣ የሙያውን ተማሪዎች የሚያሠለጥን አለ። ለአስመጪ ድርጅት የሚሠራም አለ፤ ለእኛ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። የጥርስ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃውን በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ካስመዘገበ በኋላ፣ ገዢው ክሊኒክ «ይህ እንዴት ይሠራል?» ሲለው የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።

ጋሼ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጥመዋል። ከዚያም የሱቁ ሠራተኞች ሁላችን በወጪያቸው እንድንመረመር አዘዙ። እኔም ሌሎቹን ለማደፋፈር ቀድሜ ገባሁ፤ የገዛ ድዴ ሲነካ እንደሚደማ ያወቅሁት በዚያን ዕለት ነው።