ጎንደር ብንሄድ ምን እናያለን?

ከሲቀላ እስከ ጎንደር መንገዱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢርቅም አገራችን ነው። አንድ ቀን ብንሄድ ምን እናያለን?

የፋሲልን ግንብ እናያለን። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ዋና ከተማ አደረጓት። ግንቡ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ፎቅ ነው። በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ አለው። ከሳቸው በኋላ የነገሡትም በአጠገቡ የየራሳቸውን ግንብ ሠሩ። ሁሉንም 900 ሜትር የሚሆን የድንጋይ አጥር ከቧቸዋል። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ግንቡ የሚጠራው በንጉሥ ስም ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው ግን ሠራተኛው ነው።

የዶርዜን የቀርከሃ ቤት እናውቃለን። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥሩ ይቆረጣል። ቤቱ ያጥራል እንጂ አይወድቅም። ግንብ ግን እንዲህ አይደለም። ኖራው ከተፋቀ ዝናብ ይገባበታል፤ ድንጋዩም ይላላል።

አንዳንድ ሰው ግድግዳ ላይ ስሙን ይጭራል። እኛ ስማችንን መጻፍ የተማርነው ደክመን ነው። እንግዲህ በደብተራችን እንጻፈው። የሌላውን ድካም አናፍርስበት።