ቤቱ በማን ስም ይጻፋል?

ሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ መጠለያ እንደሚያስፈልገው ማንም ስለሚያውቅ በዚህ ላይ ቃል ማብዛት አያሻም። በዚህ ንግግር ልናስረዳ የፈለግነው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ይልቁንም በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ፥ ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ ቤት በሚገዛበት ወይም በሚያሠራበት ጊዜ በእርግጥ የሚገዛው ምን እንደ ሆነና የገዛውም ነገር በማን ስም እንደሚጻፍ ነው። ሰው የዓመታት ድካሙን ባንድ ቀን የሚያጣው ሁልጊዜ ግድግዳው ስለ ፈረሰ አይደለም፤ ወረቀቱ ስለ ጎደለም ያጣዋል።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ የተነሣ መንገደኛ የጉጉፍቱንና የአቀስታን ብርድ አልፎ ይደርስባታል። በዚህ ደጋ የቀድሞው ሰው ቤቱን የሚሠራው ከቅርብ በሚያገኘው ነገር ነበር፤ ምሰሶውና ማገሩ እንጨት፥ ግድግዳው ድንጋይ ወይም በጭድ የተቦካ ጭቃ፥ ክዳኑም ሣር። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ያቆመው ስለ ነበር ለባለቤቱ ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ድግሱ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግን ቆርቆሮው፥ ሚስማሩ፥ ሲሚንቶውና ብረቱ ከሩቅ በጭነት መኪና ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ የመኪናውም ኪራይ በያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይታሰባል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲመረቅ የሲሚንቶው እጥረት ይቀላል የሚል ተስፋ ነበር፤ ዳሩ ግን በፋብሪካው በር ያለው ዋጋና በመካነ ሰላም ሱቅ ያለው ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፈላጊውስ ከወዴት መጣ? ቀድሞ በከተማይቱ ቤት የሚፈልገው የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴ ነበር። በ2010ዎቹ ዓ.ም. የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ በመካነ ሰላም ከፍቶ ማስተማር በጀመረ ጊዜ መምህሩና የግቢው ሠራተኛ ተጨመሩ፤ ባንድ ግቢ ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርቶ ማከራየትም እንደ ንግድ ተቈጠረ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከዓረብ አገር የሚላከው ገንዘብ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው አንድ ሪያል ብዙ ብር ያወጣል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ብረትና ቆርቆሮም አብሮ ስለሚወጣ ላኪዋ አተረፍሁ ያለችውን ግንባታው መልሶ ይወስደዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም የሚያውክ በመሆኑ፥ ያንድ ሳምንት ዋጋ ሰምቶ «ቤት ረከሰ» ወይም «ቤት ተወደደ» ብሎ መቍረጥ አያስተማምንም። ደላላ የሚነግራችሁ ዋጋ ሻጩ የተመኘው ነው፤ ከተቻለ በዚያው ሠፈር በእርግጥ ተሸጦ ስም የተዛወረበትን ቤት ዋጋ መጠየቅ ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአገራችን ቤት ሲሸጥ መሬት አይሸጥም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፥ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቀር አድርጎ፥ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የራሱ ንብረት መሆኑን፥ ሊሸጠው፥ ሊለውጠውና ሊያወርሰውም እንደሚችል አጽንቷል። ስለዚህ ገዥው የሚከፍለው ለቤቱና ቤቱ በቆመበት ቦታ ላይ ላለው የመጠቀም መብት ነው። ያ መብት በሕግ የታወቀ ካልሆነ ከእጁ የሚቀረው ቆርቆሮና እንጨት ብቻ ነው።

በመካነ ሰላም ለገዥ የሚቀርበው ቦታ ከሦስት ዓይነት ወጥቶ አይገኝም። አንደኛው ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ነው፤ ካርታው በማዘጋጃ ቤት ካለና ግብሩ ከተከፈለ ችግሩ ጥቂት ነው። ሁለተኛው የሊዝ ቦታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጥቶ፥ ቢያንስ ከዋጋው 10 በመቶ በቅድሚያ እንዲከፈል አዝዟል፤ ግንባታውም ከግማሽ ሳይደርስ ቦታውን ለሌላ ማስተላለፍ የፈለገ ሰው እንደ ልቡ እንዳይሸጥ ገድቧል። ስለዚህ መሠረት ብቻ የወጣለትን የሊዝ ቦታ በመንደር ውል የሚገዛ ሰው የሚገባበትን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እርሱም በከተማይቱ ዳር ያለ የእርሻ ማሳ ነው። ገበሬው ከተማ ወደ እርሱ ስትመጣ ያያል። የገጠር መሬቱ እንዳይሸጥ ሕጉ ስለሚከለክል በጨለማ ቈራርሶ ይሸጠዋል፤ ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፥ ሽማግሌ ይመርቃል፥ ገንዘብ ይቈጠራል። ገዥውም ቸኩሎ በሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አስቡት። የይዞታው ደብተር በባልና በሚስት ስም እንደ ተጻፈ ነው፤ የገዥው ስም በየትም የለም። ቦታው ለከተማ ልማት ሲወሰድ ካሣ የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ላላገኘ ባለ እርሻ ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ሰጥቶ ነበር፤ እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲሆን ደነገገ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሻጩ ባለ ካሣ፥ ገዥው ደግሞ ቤቱ ያለ ካሣ የሚፈርስበት ሰው ይሆናል። ሻጩም ቢሆን አልተጠቀመም፤ ለጥቂት ወራት ወጪ ሲል ልጆቹ የሚቈጥሩትን የ15 ዓመት ገቢ በጠብና በክርክር ላይ ጥሎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀምን መብት አስይዞ መበደርን ፈቅዷል፤ ሽያጭን ግን አልፈቀደም። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ይህን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሁን ስለ እነዚያ ገንዘብ ስለሚልኩት ልጆች ጥቂት እንናገር። ከእነዚህ ወረዳዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌላው የዓረብ አገር የሄዱት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተገደው ሲመለሱ፥ ከመካከላቸው ለዓመታት የላኩት ገንዘብ ባዶ ሆኖ ያገኙ ጥቂቶች አልነበሩም። በልቶ የጨረሰ ቤተሰብ ነበረ፤ ቤት የሠራም ነበረ፤ ነገር ግን ቤቱ በአባት ወይም በታላቅ ወንድም ስም ተጽፎ ነበር። አባት በሕይወት ሳለ ይህ ነገር አያስታውቅም። አባት ሲሞት ግን ቤቱ የውርስ ሀብት ሆኖ ለልጆች ሁሉ ይካፈላል፤ በስሙ የተጻፈለት ወንድም ያገባ እንደ ሆነም የሚስቱ ጥያቄ ይነሣል። ልጂቱም ባሠራችው ቤት እንደ እንግዳ ምንጣፍ ይዘረጋላታል። በክፋት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ አባቱ ማዘጋጃ ቤት በሄዱ ጊዜ ጸሓፊው ስም ሲጠይቃቸው የራሳቸውን ሰጥተው ይሆናል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። በውጭ አገር የምትኖር ኢትዮጵያዊት በሪያድ ባለው ኤምባሲ ወይም በጂዳ ባለው ቆንስላ ቀርባ ለአባቷ ወይም ለምታምነው ሰው ውክልና ልትሰጥ ትችላለች። ውክልናው «በስሜ እንዲገዛልኝ፥ ካርታውንም በስሜ እንዲያወጣልኝ» የሚል መሆን አለበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ስለሚል፥ መሸጥን የማትፈልግ ልጅ «መሸጥ፥ መለወጥ» የሚለውን ቃል በወረቀቱ ላይ እንዳታስገባ ትጠንቀቅ። ጸሓፊዎች ይህን ቃል ከልማድ የተነሣ ይጨምሩታልና ሳታነብ አትፈርም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ አንዳንዶቹ በደላላ እጅ ሲሄዱ ስማቸው በፓስፖርቱ ላይ ተለውጧል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ስምና የፓስፖርቱ ስም ካልተስማማ ነገሩ በኋላ ፍርድ ቤት ስለሚያደርስ፥ ቤቱ ሳይገዛ አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል። የሐዋላውን ደረሰኝም ሁሉ ማስቀመጥ ነው።

በመካነ ሰላም ያለው ወኪልም ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ከሻጩ ጋር አብሮ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የቦታውን ማኅደር ይጠይቅ። ካርታው ከመሬቱ ጋር መግጠሙን፥ ባንክ ያስያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው አለመሆኑን ያረጋግጥ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ሚስቱ ትፈርም፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ይታይ። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት ይፈረም፤ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1723ኛው ቍጥር የሚያዘው ይህንኑ ነው። «ሰው እናምናለን፥ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚል ሻጭ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ወራሾቹ ግን እርሱን አይደሉም።

ብዙ ሰው ካርታ በሌለው ሰፊ ማሳ ላይ የብሎኬት ቤት ማቆም ይመኛል። እኛ ግን ካርታ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ቆርቆሮ አልብሶ መጀመሩን እንመርጣለን። ጭቃው በኋላ በብሎኬት ይለወጣል፤ ክፍሉም ይጨመራል፤ አንዱን ክፍል ለመምህር ወይም ለሠራተኛ አከራይቶ የሊዙን ዓመታዊ ክፍያ መሸፈንም ይቻላል።

በዚህ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ቢመረግ አይደርቅም፥ ጭነትም እንደ ልብ አይወጣም። ስለዚህ ክረምቱን ለውክልናው፥ ለማኅደሩና ለውሉ መስጠት፥ ግንባታውንም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር መጀመር ይስማማል።