ሔኖክ በእኛ ቆላ በኩል ወጣ

በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳን ያልተሻገረ ነገር የለም፤ ሰሊጡም ከብቱም ይሻገራል። እኔን የሚቆጨኝ ግን የዛሬ 250 ዓመት ገደማ የተሻገረው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 ማብቂያ ላይ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ያኔ ራስ አል ፊል ይባል በነበረው ቆላ አድርጎ ስናር ገባ። ከዚያ ወደ አስዋን ሲያቀና በረሃው ላይ ግመሎቹ አለቁበትና ጓዙን ጥሎ ነፍሱን አተረፈ፤ ኋላ ተመልሶ ጓዙን አስነሣው። አውሮፓ ካደረሳቸው ብራናዎች ሦስቱ መጽሐፈ ሔኖክ ነበሩ። እነሱ ዘንድ መጽሐፉ ለዘመናት ጠፍቶ ቁርጥራጩ ብቻ ይታወቅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹ አልተኙም። በምዕራቡ ዓለም የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በምናብ አስፍቶ ለታዳጊዎች መተረክ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ ሆኗል። ደራሲው መጽሐፉ ዝም ያለበትን ቦታ ይፈልጋል። አሜሪካዊቷ ማድሊን ሌንግል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ልብ ወለድ መንታ ወንድማማቾችን ከዘመናቸው አውጥታ ኖኅ ሰፈር ትጥላቸዋለች። ለኖኅም በመጽሐፍ ያልተጻፈች ልጅ ትፈጥርለታለች። ልጅቱ በመርከቡ ቦታ የላትም፤ ታዲያ ምን ትሁን? ደራሲዋ እንደ ሔኖክ ወደ ሰማይ እንድትወሰድ አደረገቻት። ብልሃቷን ወድጄላታለሁ።

እኔ እዚሁ ቆላ፣ ገንዳ ውኃ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የኖኅ ፊልም በስልክ ተቀባብለው አይተውታል። «ቲቸር፣ እነዚያ ድንጋይ የለበሱ ግዙፎች እውነት አሉ?» ይሉኛል። ድንጋዩ የፊልም ሠሪዎቹ ነው፤ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ግን የሔኖክ ናቸው እላቸዋለሁ። 200 ሆነው ሴቶችን ሊያገቡ በአርሞንኤም ተራራ መውረዳቸውን፣ አለቃቸው ሰምያዛ መባሉን፣ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ዓይን መኳልንም ማስተማሩን እነግራቸዋለሁ። ኩሉ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። ያ ሁሉ በገዛ መጽሐፋቸው ተጽፎ ሳለ ከባዕድ ፊልም መስማታቸው ግን ለእኔ አያስቅም።

እኛም ይህን በልብ ወለድ እንጻፈው ብዬ ሳነሣ አንድ መሪጌታ ተቆጡኝ። «መጽሐፍ ሴቶችን አገቡ ያላቸው የእግዚአብሔር ልጆች የአዳም ልጅ የሴት ልጆች ናቸው፤ መልአክ ሚስት አያገባም። በመጽሐፍ ላይ ምን ይጨመራል?» አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ትርጓሜ እንደዚያ ነው፤ አልከራከርም። እንዲያውም ለታዳጊ የሚሆነው ታሪክ ያለው እዚያው ላይ ይመስለኛል። በገድለ አዳም እንደሚተረከው የሴት ልጆች በተቀደሰው ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ የቃየል ልጆች ከታች ሆነው ሙዚቃና ዘፈን ያሰማሉ። አባቶች «አትውረዱ» ይላሉ። የወረደ መመለስ አይችልም። አሁን አንድ የ16 ዓመት ልጅ ገደሉ አፍ ላይ አቁሙልኝ፤ ሌሊት ዘፈኑን እየሰማ፣ ታናሽ እኅቱ እጁን ይዛው። መጻተኛ ፍጡርም አስማተኛ ዘንግም አያስፈልግ። እኛ አገር ደግሞ ከደጋ ቀዬው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ልጅ ይህን ታሪክ ማን ያስረዳኝ አይልም።

ምናብ ለመንፈሳዊ ነገር ነውር ነው የሚል ካለ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ የሰውን ጠባይ በምሳሌ ተርከው እንዳስተማሩ ያስታውስ።

እንግዲህ ደራስያን፣ ጻፉልን። መጽሐፉ የተናገረውን አትንኩ፤ ዝም ያለበት ቦታ ይበቃችኋል። ከማተማችሁ በፊት ትርጓሜ ለሚያውቅ ሊቅ አስነብቡት። አሳጥሩት፣ በኪስ የሚያዝ ይሁን፤ ዋጋው የቀን ሠራተኛ ልጅ የሚችለው ይሁን። ገንዳ ውኃ ላይ አንባቢ አለላችሁ።