ከባሕር እስከ ሮቶ

ሥራዬ ውሃ መቅዳት ነው። እንስራ አልሸከምም እንጂ፤ ዕቃዬ የናሙና ጠርሙስ፣ የክሎሪን መለኪያና ቴርሞሜትር ነው። ባለፈው ሐምሌ በኤምሬቶች፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ አንድ ቪላ ጣራ ላይ ስወጣ፣ እዚያ ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ተከትላኝ ወጣች።

«ጋሼ፣ የከተማው ስም ዓይን አይደል? ይሄ የቧንቧ ውሃ የምንጭ ነዋ!»

ስለ ስሙ ልክ ናት። በእኛም አገር ምንጭ ዓይን አለው፤ የዓረቡም ቃል ያው ነው። የቧንቧው ውሃ ግን ከባሕር ነው የመጣው፤ ወይ ከአቡ ዳቢ ጠረፍ ከጠዊላ፣ ወይ ተራራ ተሻግሮ ከፉጃይራ። ይህን ስነግራት «ጨው የለውማ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ምንጩ ነበር እኮ። እዚሁ አል ዓይን፣ ሂሊ በሚባለው ሰፈር ያለው ፈለጅ ወደ 3,000 ዓመት ይሆነዋል። ፈለጅ ከተራራ ግርጌ ካለ እናት ጉድጓድ ተነሥቶ፣ ውስጥ ለውስጥ፣ ያለ ሞተር፣ በመሬቱ ዝቅታ ብቻ ወደ ተምሩ ይወርዳል። ተራ የሚያከፋፍለው ሰው ዐሪፍ ይባላል፤ የእኛ የውሃ አባት መሆኑ ነው። ሼክ ዛይድም እ.ኤ.አ. በ1946 እዚህ የአቡ ዳቢ ገዢ እንደራሴ ሆነው ሲመጡ፣ ቀድመው ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ ፈለጅ ማስቆፈርና ማስጠረግ ነበር። በኋላ ጥልቅ ጉድጓድና ፓምፕ ሲበዛ ውሃው ወደ ታች ሸሸ። ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣው የፈለጅ ውሃ ራሱ በፓምፕ የሚደገፍ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም ደስታውን አላበላሽበትም።

ስለዚህ ከተሞቹ ወደ ባሕር ዞሩ። የጠዊላው አዲሱ ጣቢያ የባሕሩን ውሃ በወንፊት ገለፈት እያስጨነቀ በቀን ወደ 909,000 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ የማውጣት አቅም አለው። ጨው የወጣለት ውሃ የተራበ ነው፤ እንዳለ ቢለቀቅ ቧንቧውን ይበላል። ስለዚህ ካልሲየም መልሰው ያበሉታል። ጠዊላ ውሃ የሚቀዳበት ባሕረ ሰላጤ ደግሞ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ብቻ የሚጠልቅ፣ ጨው የበዛበት ባሕር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ቀይ ማዕበል የሚሉት የባሕር አልጌ ወርሮት የማጣሪያ ጣቢያዎችን አስቁሟል። ሊዋ በረሃ ሥር 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተቀብሮ የሚጠበቀውም ለእንደዚህ ያለ ክፉ ቀን ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሰው 90 ቀን ያቆያል ተብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ተጉዞ የመጣው ውሃ ነው እንግዲህ እፊታችን ያለው ሮቶ ውስጥ የተኛው። ታች ቆጣሪው ጋ ስለካው ክሎሪኑ በሊትር 0.4 ሚሊግራም ነበር። ሮቶው ውስጥ ሙቀቱ 41 ዲግሪ፤ የመለኪያውን ዱቄት ጨምሬ ጠርሙሱን ስንጠው ሮዝ መሆን ሲገባው ቀለም ሳይዝ ቀረ። ክሎሪን የሚባል የለም። ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ የርግብ ላባ ገብቶ ይንሳፈፋል።

ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ታዲያ ይጠጣል?»

«ከቆጣሪው ጋ አዎ። ከዚህ እንኳ ቡና አታፍዪበት።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ትንሽ ዝም አለች። «ማዳም የታሸገ ነው የምትጠጣው። እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ብላት አትሰማኝም።»

ወረቀቱ ላይ «ክዳን ይቀየር፣ ሮቶው ይታጠብ» ብዬ በዓረብኛ ጻፍኩ። ደረጃውን ስወርድ እሷ ክዳኑን በጡብ ስትጭነው ድምፁ ተሰማኝ።