ከስትሮክ በኋላ ንግግርን መረዳት ሲያዳግት፣ ሕክምናው በየትኛው ቋንቋ ይሁን?

ከስትሮክ የተረፈ ሰው አቀላጥፎ እየተናገረ፣ የሚነገረውን ግን ላይረዳ ይችላል። ጆሮው ይሰማል፤ የሰማውን ወደ ትርጉም መለወጥ ግን ይቸግረዋል። ቤተሰብም «አእምሮው ተነካ» ብሎ ይደመድም ይሆናል።

ይህ የቋንቋ መታወክ አፌዥያ ይባላል። መረዳትን አጉልቶ የሚጎዳውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቨርኒከ እ.አ.አ. በ1874 ገልጾታል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ሲሆን፣ ወደዚያ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ችግሩ ይከሰታል። ሕመምተኛው ማሰብ ተስኖታል ማለት ግን አይደለም።

በካሊፎርኒያዋ ካስትሮ ቫሊና በአካባቢዋ ሕክምናው ከሆስፒታል ውጭም ይሰጣል። በጎረቤቷ ሄይዋርድ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢስት ቤይ አፌዥያ ላለባቸው ሰዎች የቡድን ሕክምና የሚሰጥ ፕሮግራም አለው። በኦክላንድ በተካሄደና በ1999 በታተመ ጥናት ደግሞ፣ አፌዥያ የቆየባቸው 24 ሰዎች በሳምንት 5 ሰዓት ለ4 ወራት በቡድን ታክመው መሻሻል አሳይተዋል። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ተስፋ አለ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ የቋንቋ ምርጫ ትልቅ ጥያቄ ነው። የአንድ ሰው ሁለት ቋንቋዎች እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላያገግሙ ይችላሉ። አማርኛ ተናጋሪን በእንግሊዝኛ ብቻ መመርመር የችግሩን መጠን ሊያሳስት ይችላል።

ፈተናውን ቃል በቃል መተርጎምም አይበቃም። በእንግሊዝኛ ማን ማንን እንደጠራ የሚታወቀው በዋናነት በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ ግን «አበበ ከበደን ጠራው» እና «ከበደን አበበ ጠራው» ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ተጠሪውን የምትለየው «ን» ናት። ይህችን ድምፅ የሳተ ሕመምተኛ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅም ጠሪውንና ተጠሪውን ሊያምታታ ይችላል።

በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሕሙማን ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የግዴታው መነሻ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሲያስተረጉም ሳያስበው የተዘበራረቀውን ንግግር ያቃናል። ባለሙያው የሚፈልገው ግን የተሳሳተውን ቃል እንዳለ ነው፤ ጉዳቱን የሚያነበው ከስሕተቱ ነውና።

በሕክምናው ወቅት ባለሙያው ሕመምተኛው ቃልን ከሥዕል እንዲያዛምድ፣ አጭር ትእዛዝ ሰምቶ እንዲፈጽም፣ ቀስ በቀስም ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር እንዲከታተል ያለማምደዋል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥን አጥፍቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሐሳብ ብቻ መናገር ይረዳል። «ቡና ወይስ ሻይ?» ሲባል ሁለቱንም ማሳየት ቃሉን ከነገሩ ጋር ያገናኛል። መጮኽ አይጠቅምም፤ ችግሩ የጆሮ አይደለምና። ራሱን ስለነቀነቀ ብቻ ገብቶታል ብሎ ማለፍም አይገባም።

ቤተሰብ ለባለሙያው ሊሰጠው የሚችለው ጠቃሚ መረጃ የሕመምተኛው የቋንቋ ታሪክ ነው፦ ከስትሮኩ በፊት በቤት፣ በሥራና በጸሎት በየትኛው ቋንቋ ይናገር ነበር? የአማርኛ ፊደል ያነባልን? ከልጅ ልጆቹ ጋር የሚያወራው በምን ቋንቋ ነው? ሕክምናው በየትኛው ቋንቋ ሊጀመር እንደሚገባ የሚጠቁሙት እነዚህ መልሶች ናቸው።