አልሞተም፣ ጠግቦ ነው

የፕላስቲክ ሞዴል የሚገጣጥሙ ወዳጆቼ ለቀለምና ለማጣበቂያ ሲሆን እጃቸው አይታሰርም። ለማለስለሻው ግን ከየትም የተገኘ ቁራጭ ይበቃቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል። በ1/72 መጠን በተሠራ አውሮፕላን ላይ የቀረች የግማሽ ሚሊሜትር ጉብታ በእውነተኛው አውሮፕላን ገላ ላይ 36 ሚሊሜትር ማለት ናት። ቀለም ደግሞ ጉድለትን ያጎላል እንጂ አይደብቅም።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ብዙ አልልም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል። በ400 ጉብታው ይወርዳል፣ በ800 ጭረቱ ይጠፋል፣ 2000 ለአብራሪው ክፍል መስታወት ነው። ደረጃ አትዝለሉ።

የምሟገተው «ወረቀቱ አለቀ» ከሚለው አባባል ጋር ነው። የብርጭቆ ወረቀት እንለዋለን እንጂ ጥቁሩ፣ ውሃ የሚችለው ዓይነት ላይ ያለው ሲሊከን ካርባይድ ነው፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን እ.ኤ.አ. በ1891 በኤሌክትሪክ ምድጃ ያገኘው፣ በጥንካሬ ወደ አልማዝ የሚጠጋ ነገር። የሞዴላችን ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ደግሞ ለስላሳ ነው። ታዲያ ለስላሳው ጠንካራውን በአንድ ምሽት እንዴት ይጨርሰዋል? አይጨርሰውም። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። በደረቁ ስንፈገፍግ ብናኙ ይሞቅና እየተጣበቀ በቅንጣቶቹ መካከል ይሞላል፤ የቅንጣቶቹ ጫፍ ፕላስቲኩን መንካት ያቅተዋል። እኛም ጠበቅ አድርገን እንጫናለን፣ ሙቀቱ ይብሳል፣ ወረቀቱ ይባስ ይደፈናል።

ይህን ያስተማረኝ ጎረቤታችን የነበረ አናጢ ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያበርረው የነበረውን የኤፍ-86 ሴበር ሞዴል ይዤ አየር ማስገቢያ አፍንጫው ውስጥ ካለው መጋጠሚያ ጋር ስታገል አመሸሁ። ነጭ የለበሰውን ወረቀት ልጥል ስል እጄን ያዘኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልሞተም፣ ጠግቦ ነው።» ወረቀቱን ገልብጦ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገው፣ በብሩሽ ጠረገውና መለሰልኝ። የሴበሩን አፍንጫ በዚያው ወረቀት ጨረስኩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው እንዳይጠግብ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ውሃ አለ። ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ብናኙንም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍራንሲስ ኦኪ የፈለሰፈውን ውሃ የሚችል ወረቀት 3M የተባለው ኩባንያ ለገበያ ሲያቀርብ የመኪና ቀቢዎች የወደዱት በዚህ ምክንያት ነበር፤ የሥራ ቦታቸው አቧራ ቀነሰላቸው። እናንተም ሬዚን በደረቁ እየሞረዳችሁ ብናኙን በአፋችሁ እፍ አትበሉ። ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በውሃ ሥሩ፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ለዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ ለሚፈልግ ሁለት ነገር እመክራለሁ። የአልማዝ ሞረድ የአልማዝ ብናኝ በኒኬል አማካይነት ብረት ላይ የታሰረበት ነው፤ ለሬዚንና ለብረት ክፍሎች ይሁን፣ ፕላስቲክ ላይ ጭረቱ ይጎላል። የብርጭቆ ሞረድ ግን ስሙን በእውነት የተሸከመ ነው፤ ጥርሶቹ ከራሱ ከብርጭቆው ላይ በአሲድ ተቀርጸው የወጡ ናቸው። የተለጠፈበት ቅንጣት ስለሌለ የሚረግፍ የለም። ግትር ስለሆነም ጠፍጣፋውን ጠፍጣፋ አድርጎ ይተወዋል። ጣት ግን ይህን አይችልም፤ ወረቀትን በጣታችሁ ብቻ ስትጫኑ ክንፉን እያጎደጎዳችሁት ነው። ወረቀት የግድ ከሆነ አይስክሬም እንጨት ላይ ለጥፉት።

የብረት ሞረድ ያላችሁ ደግሞ ከሥራ በፊት ጥርሱ ላይ ጠመኔ እሹበት፣ ብናኙ አይጣበቅበትም። ወደፊት ብቻ ግፉ፤ ወደኋላ ሲመለስ ከፍ አድርጉት፣ ጥርሱ የሚደነዝዘው በመልሱ ነው።

የብርጭቆው ሞረድ ከወደቀ ይሰበራልና የእኔን በወፍራም ካልሲ ውስጥ ነው የማኖረው። ሥራ ስትጨርሱ በሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ ብሩሹን በጥርሶቹ አቅጣጫ እየሳባችሁ። ሲደርቅ ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ ተመልከቱት። በጥርሶቹ መካከል ነጭ ነገር ከታየ ገና አልጠዳም፤ ድገሙት።