የውስጥ እግር ካርታ

ሪፍሌክሶሎጂ የሚባለው የእግር እሽት ነገር የተጀመረው በልብስ መቆንጠጫ ነው። በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ከተማ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የነበረው ዊሊያም ፊትዝጀራልድ የሕመምተኞቹን ጣቶች በመቆንጠጫና በላስቲክ እያጠበቀ፣ የብረት ማበጠሪያ በመዳፋቸው እያስጨበጠ ሌላ ቦታ ያለባቸውን ሕመም ማስታገስ እንደሚችል አመነ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከኤድዊን ባወርስ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ገላ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በቁመቱ አሥር ቦታ ከፈለው፤ አምስት በቀኝ፣ አምስት በግራ። ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ የትም ቢጫኑ፣ በዚያው መስመር ላይ ላለ ሌላ አካል ይደርሳል ባይ ነበር።

ሐሳቡን ወደ እግር ያወረደችው ዩኒስ ኢንግሃም ናት። በፍሎሪዳ ከዶክተር ጆ ሼልቢ ራይሊ ጋር የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። የታካሚዎቿን ውስጥ እግር እየተጫነች የት ሲነካ እንደሚያማቸው ከሌላው በሽታቸው ጋር ስታስተያይ ቆይታ፣ ያገኘችውን በ1938 በመጽሐፍ አወጣችው። ዛሬ በየማሳጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለቀለም የእግር ሥዕል መነሻው የእሷ ሥራ ነው።

ባለሙያዎቹ ግን ሙያውን ወደ ኋላ አርቀው መውሰድ ይወዳሉ። በግብፅ ሳቃራ፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ባስቆጠረው የአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ የሰዎችን እጅና እግር ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ተቀርጸዋል። ይህ ምስል በብዙ የሪፍሌክሶሎጂ መጽሐፍ ውስጥ አይጠፋም። ጥፍር እየሠሩ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። መቼም ጥንታዊ መባል ለገበያ ይመቻል።

በካርታው መሠረት የእግር አውራ ጣት የጭንቅላት ነው። ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፍራም ሥጋ ለሳንባ፣ ጎድጎድ ያለው መካከለኛው ክፍል ለጨጓራና ለአንጀት፣ ተረከዝ ለዳሌ አካባቢ፣ የእግሩ የውስጥ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ለአከርካሪ ተሰጥቷል። ጉበት በቀኝ እግር፣ ልብ በግራ እግር ላይ ይፈለጋሉ። ባለሙያው የእጁን አውራ ጣት እያጠፈና እየዘረጋ፣ እንደ አባጨጓሬ እየተሳበ፣ ውስጥ እግሩን ስንዝር በስንዝር ይጫናል፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የእኛ ወጌሻ የታመመውን ቦታ ራሱን ነው የሚያሸው። እዚህ ግን ጨጓራ ለታመመ ሰው የሚታሸው እግር ነው።

ይህ የአሜሪካ ግኝት እስያ ውስጥ የገነነው በአንድ ስዊዘርላንዳዊ ካህን ምክንያት መሆኑ ያስገርማል። በምሥራቅ ታይዋን ታይቱንግ የሚያገለግሉት የካቶሊክ ሚስዮናዊ አባ ዮሴፍ ኦይግስተር ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸው ነበር። አንዲት ስዊዘርላንዳዊት ነርስ በጻፈችው መጽሐፍ እየተመሩ እግራቸውን ቢያሹ ቀለል አላቸው፤ ከዚያ ምእመናኑን ያሹ ጀመር። ዝናቸው በመላ ደሴቲቱ ተሰማ። የታይዋን እሽት ለስላሳ አይደለም፤ በጣት አንጓ ወይም በእንጨት አጥብቆ ይጫናል፣ ደንበኛውም አንዳንዴ ይጮኻል።

ታዲያ ያድናል? ጉበትን ከቀኝ እግር ጋር የሚያገናኝ የተለየ መስመር በሰውነት አሠራር ጥናት አልተገኘም። ተመራማሪው ኤድዛርድ ኤርንስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምገማ 18 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሪፍሌክሶሎጂ የትኛውንም በሽታ እንደሚያክም የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም። የአውስትራሊያ መንግሥትም ከ2019 ጀምሮ የግል ጤና መድን እንዳይከፍልባቸው ካደረጋቸው ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን የታሸው ሰው ምንም አያገኝም ማለት አይደለም። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና በ2012 የታተመ ጥናት የጡት ካንሰር የጸናባቸውን 385 ሴቶች አሳትፎ፣ አብዛኞቹን በሦስት ዋና ቡድን ከፈለ። አንዱን ቡድን የሠለጠኑ ሪፍሌክሶሎጂስቶች፣ ሁለተኛውን ካርታውን የማያውቁ ሰዎች እግር አሹለት፤ ሦስተኛው የተለመደ ሕክምናውን ብቻ ቀጠለ። ከዚህ ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲነጻጸር፣ በባለሙያ የታሹት የትንፋሽ ማጠራቸው ቀነሰ፣ የዕለት ሥራም ቀለላቸው። ድካማቸው በግልጽ የቀነሰላቸው ግን ካርታ በማያውቁት የታሹት ናቸው! በሕመም ስሜት፣ በማቅለሽለሽና በጭንቀት በኩል ልዩነት አልታየም። እፎይታው ቢያንስ በከፊል ከነጥቦቹ ይልቅ ከመታሸቱ የሚመጣ ይመስላል፤ በጸጥታ ጋደም ብሎ በሰው እጅ መዳሰስ ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 የወጣው የዚያው ቡድን ጥናት ደግሞ ሥራውን ለቤተሰብና ለወዳጅ ሰጠ። አሠራሩን የተማሩት አስታማሚዎች በሳምንት አንዴ ለአራት ሳምንት ቤት ውስጥ ሲያሹ የሕሙማኑ ስቃይ ቀለለ።

እቤቱ ሊሞክር የሚያስብ ሰው ግን አስቀድሞ እግሩን ይመልከት። የስኳር ሕመምተኛ ውስጥ እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ጫናው ሲበዛ ወይም ቆዳው ሲላጥ አይታወቀውም። ቁስል፣ ስብራት ወይም የተነሣ ሪህ ካለ እሽቱ ይቆይ፤ ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ትጠይቅ። አንድ ባቱ ብቻ ድንገት አብጦ የሚሞቅና የሚያመው ሰው ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታሽ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አለበት።